የአረጋውያኑ ሰዓት በምን ይዋል?

የአያቶቻቸውን ቋንቋ ከመጥፋት ለማትረፍ የሚነሱ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በድምፅ መቅረጫ ነው። ከዚያ የቃላት ዝርዝር ይመጣል፣ ቀጥሎ የስልክ መተግበሪያ። ትጋታቸው ደስ ይለኛል፤ ስጋት ግን አለኝ። እጃቸው ላይ ካለው ሁሉ ውዱ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው የአንዲት እናት ወይም የአንድ አባት ጉልበት ነው። እሱም በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅ ይደክማል፣ መልስ ያጥራል፣ ለተጠየቀው ሁሉ «አዎ» ማለት ይበዛል። መሣሪያ ከመምረጥ በፊት ያቺ ሰዓት በምን እንደምትውል መወሰን አለበት።

ጋፋትኛን አስባለሁ። በአባይ ዳር ይነገር የነበረ የሴም ቋንቋ ነው። የቋንቋ ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው በ1947 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ደክሞ ያገኘው አራት ተናጋሪዎችን ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ዋና ጽሑፍ በ18ኛው መቶ ዘመን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ያስተረጎመው መኃልየ መኃልይ ነው። የፍቅር ቅኔው ተረፈ፤ እናት ልጇን እንዴት እንደምትቆጣ ግን ከዚያ ጽሑፍ አይገኝም። የሚተርፈው የተጠየቀው ነገር ነው።

የስዋዴሽ ዝርዝር የሚባለው የመሠረታዊ ቃላት ዝርዝር፣ አጭሩ 100 ቃላት ያሉት፣ ቋንቋዎችን ለማነጻጸር የተዘጋጀ ነው። ለመጀመሪያ ቀን መተዋወቂያ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ሊሸከም አይችልም። ቃል ለብቻው ሲጠራ የዝርዝር ዜማ ይይዛል፤ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አስደግሞ መካከለኛውን መውሰድ፣ የድምፅ ከፍታ ትርጉም በሚለይበት ቋንቋ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ማስባል ይሻላል። በሌላ ቋንቋ እየጠየቁ ዓረፍተ ነገር ማስተርጎም ከዚህ የባሰ ነው፤ አዛውንቱ በትህትና የጠያቂውን የቃላት ቅደም ተከተል ይከተላሉ፣ የተቀዳውም የጠያቂው ቋንቋ ጥላ ይሆናል። አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዴት እንደሚሠራ ቢያስረዱ ትእዛዙ፣ ቅደም ተከተሉ፣ ማስጠንቀቂያው ሁሉ ራሱ ይመጣል። ሁለት አረጋውያንን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ለየራሳቸው ማይክ ሰክቶ፣ ራስን ከመሀል ማውጣት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ሰላምታው፣ ንግግር ማቋረጡ፣ መገረሙ፣ ፌዙ በቃለ መጠይቅ አይገኝም።

ስለ መሣሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ከአገጭ በታች ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይቀመጥ፤ ፋይሉ ዋቭ የሚባለው ያልታመቀ ዓይነት፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን። በአንድ ማይክ የአንድ ሰዓት ቅጂ 520 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በመቅረጫው መለኪያ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 ዴሲቤል በላይ እንዳይወጣ ማየት ያሻል፤ አልፎ የተሰባበረ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። በስልክ ከተቀዳ ጫጫታ የሚያጠፋው ቅንብር ይዘጋ። ያ ቅንብር ለስላሳ ተነባቢዎችንና በሹክሹክታ የሚያልቁ አናባቢዎችን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጣቸዋል፤ ተናጋሪዎቹ ካለፉ በኋላ ሁለት የተለያዩ ቃላት አንድ መስለው ይቀራሉ። መግቢያው ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተናጋሪው ፈቃድም በራሱ ቋንቋ ይነገር። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱ ሌላ ቦታ።

ሥራው የሚሰናከለው እዚህ አይደለም፣ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። ኤላን በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አንድ ደቂቃ ንግግር ጽፎ ለመተርጎም ለጀማሪ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሃምሳ ሰዓት የቀዳ ቡድን ዓመታት የሚጠይቅ ዕዳ ገብቷል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቋንቋውን አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ቅጂውን ሐረግ በሐረግ እያዳመጠ ቀስ ብሎ ይደግመዋል፣ ከዚያ ብዙ ሰው በሚያውቀው ቋንቋ በቃል ይተረጉመዋል፤ ሁለቱም ይቀዳሉ። ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም። ጽሕፈቱ በኛ ፊደል ከሆነ ደግሞ የሚጠብቀው ከሚላላው ስለማይለይ በሚጠብቀው አናት ላይ ሁለት ነጥብ የማድረግ ደንብ ከመጀመሪያው ገጽ ይጽና።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ተናጋሪ አይወልድም። በካሊፎርኒያ በ1992 የነባር ሕዝቦች ተቆርቋሪዎች ከቋንቋ ምሁሯ ሊያን ሂንተን ጋር የጀመሩት ዘዴ ለእኔ ከሁሉ ይልቃል። አንድ አዛውንትና አንድ ወጣት በሳምንት ከ10 እስከ 20 ሰዓት በአያት ቋንቋ ብቻ አብረው ይውላሉ። ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ይሄዳሉ። ወጣቱ ከሁሉ በፊት «ይሄ ምንድን ነው?»፣ «ይድገሙልኝ»፣ «አሁን ምን እያደረግሁ ነው?» የሚሉትን በዚያው ቋንቋ ያጠናል፤ ያልገባውን በእጅና በፊት ይጠይቃል። አንድ አዲስ ቃል በአእምሮ እስኪያዝ ሃያ ያህል ጊዜ፣ በሃያ የተለያየ አጋጣሚ መሰማት አለበት ይላሉ።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። ወጣቱ ሁሉን ወዲያው መረዳት ስለሚፈልግ ወደ ጋራው ቋንቋ ይንሸራተታል፣ አዛውንቱም ከልማድ ይከተሉታል። ለዚህ በሃያ ደቂቃ ጀምሮ በየሳምንቱ መጨመር ይረዳል። ሁለተኛው ሳቅ ነው፤ ስህተት በተሳቀ ቁጥር ወጣቱ ዝም ይላል። እርማቱ ትክክለኛውን ደግሞ በመናገር ብቻ እንዲሆን አስቀድሞ መስማማት ይቻላል። ብዙ አረጋውያን በልጅነታቸው በዚያ ቋንቋ በመናገራቸው ትምህርት ቤት የተቀጡ መሆናቸውም አይረሳ፤ ሲያመነቱ ስንፍና አይደለም።

በአሜሪካ የዋምፓኖአግ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ተናጋሪ ቆይቶ፣ ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ በ1993 በጀመሩት ሥራ፣ በቋንቋው በ1663 ከታተመው መጽሐፍ ቅዱስና ከድሮ የመሬት ሰነዶች ተነስቷል። ስለዚህ ሰነድን አልንቅም። ግን ያ መንገድ ረጅምና ከባድ ነው፤ አያት በሕይወት እያሉ በእሱ መሄድ አያስፈልግም።

የእኔ ክፍፍል እንዲህ ነው። በሳምንት ስድስት ሰዓት ከተገኘ አራቱ ያለ መቅረጫ ለመነጋገር፣ አንዱ ለመቅዳት፣ አንዱ የተቀዳውን ለማስደገም። ለሁሉም ሰዓት ክፍያ ይኑር። ለሕዝብ የማይወጣ ዜማ ወይም ጸሎት ካለ ገና ሳይቀዳ ማን ሊሰማው እንደሚችል ይጻፍ። ጤናቸው ከተናጋ ክፍፍሉ ይገለበጣል፦ ቅጂው ይቀድማል፣ ማስደገሙ ለጎረቤት ተናጋሪ ይሰጣል፣ ወጣቱም ከአጠገባቸው ሆኖ አጫጭር ነገር ያወራቸዋል።