«ስቴቭ»፦ ከበርሜል ሳንቃ እስከ ኖታ መስመር

የእንግሊዝኛ ቃላትን በፊደል ተራ መሸምደድ ትቼ በሙያ እየመደብኩ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ አሁን ተራው የበርሜል ሥራ ነው። አብዛኛው ቶሎ ያልቃል። በርሜል ሠሪው «ኩፐር» ነው፤ ዛሬ ከሙያ መጠሪያነቱ ይልቅ የቤተሰብ ስም ሆኖ ያጋጥማል። ሳንቃዎቹን የሚያስረው ቀለበት «ሁፕ»፣ የቀዳዳው መድፈኛ «በንግ» ይባላል። ብዙ ያቆየኝ «ስቴቭ» ነው።

ስቴቭ የበርሜሉ ጎን የሚሠራበት ረጅም ሳንቃ ነው። መሃሉ ሰፋ፣ ሁለት ጫፎቹ ጠበብ ይላሉ፤ የበርሜል ሆድ የሚነፋው በዚህ ምክንያት ነው። ጠርዞቹም ዘመም ተደርገው ይላጋሉ። ሒሳቡን ሠርቼ አየሁት፤ እኩል ስፋት ያላቸው 20 ሳንቃዎች ክብ ሠርተው እንዲገጥሙ እያንዳንዱ ጠርዝ 9 ዲግሪ መዝመም አለበት። ሳንቃዎቹ በእሳት ወይም በእንፋሎት ሞቀው ይታጠፋሉ፤ አጥብቆ የሚይዛቸውም ሙጫ ወይም ምስማር ሳይሆን ቀለበቱ ነው። ፈሳሽ ሲገባበት እንጨቱ ያብጥና መጋጠሚያው ይበልጥ ይጠብቃል። ለቃል ጥናት ይህ ሁሉ ትርፍ ሊመስል ይችላል። አንዱ ሳንቃ ሲሰበር ምን እንደሚከተል ካልገባ ግን ግሱም አይገባም።

«ስቴቭ ኢን» ማለት ጎንን ሰብሮ ወደ ውስጥ መደርመስ ነው። ለበርሜል የተባለው ለጀልባና ለመርከብም ሆነ። የኃላፊ ጊዜው ሁለት መልክ አለው፤ «ስቴቭድ» እና «ስቶቭ»። ሁለተኛው በባሕር ታሪኮች ውስጥ ይበዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1820 በፓስፊክ ውቅያኖስ ዓሣ ነባሪ ገጭቶ ያሰመጣት የ«ኤሴክስ» መርከብ ታሪክ ሲነሣም ይኸው ቃል ይመጣል። በፊደልም በድምፅም ከምድጃው ስም ጋር አንድ ስለሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሳያነቡ መፍረድ አያዋጣም።

በዕለታዊ ንባብ ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው «ስቴቭ ኦፍ» ነው። እዚህ ላይ በርሜሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ቃሉ ከ«ስታፍ»፣ ማለትም ከበትር የተገኘ ነው፤ የ«ስታፍ» ብዙ ቁጥር «ስቴቭስ» ስለነበር፣ ሰዎች መጨረሻውን ቆርጠው አዲስ ነጠላ አወጡለት። ስለዚህ «ስቴቭ ኦፍ» የመጣን ነገር በበትር መመለስ ነው። የሚመለሰውም ክፉና እየቀረበ ያለ ነገር መሆን አለበት፤ ረሃብ፣ ኪሳራ፣ ሽንፈት፣ ቀውስ። ብዙ ጊዜ ነገሩ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም፤ ተበድሮ ደመወዝ የከፈለ ድርጅት ኪሳራን «ስቴቭ ኦፍ» አድርጓል፣ ኪሳራው ግን ገና በር ላይ ቆሟል። መዝገበ ቃላት «መከላከል» ብሎ ሲያልፈው ይህ ጥላ ይጠፋል፤ እንደ እኔ የቃሉ ግማሽ ጣዕም እዚያ ላይ ነው።

የሙዚቃው ትርጉም አላስቸገረኝም። ኖታ የሚጻፍባቸውን አምስት መስመሮች እንግሊዞች «ስቴቭ»፣ አሜሪካውያን «ስታፍ» ይሏቸዋል። የግጥም አንጓም ስቴቭ ይባላል፤ ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. በ1843 ያሳተመው የገና ታሪክ በርዕሱ መዝሙር ስለሆነ፣ አምስቱን ምዕራፎች «ስቴቭ» ብሎ ሰይሟቸዋል።

ቀጥሎ የያዝኩት «ቢልጅ»ን ነው። እሱም የበርሜልን ሆድና የመርከብን የታችኛውን ውስጠኛ ክፍል በአንድ ስም ይጠራል።