ደብዳቤው ደረሰኝ ላይ ወጣ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንድ እህል ነጋዴ ቢሮ ኮምፒውተሮችን እከታተላለሁ። ሒሳብ ክፍሉ ሌዘር ፕሪንተር አለው፣ ለደብዳቤ። ከጎኑ ደግሞ ባለካርቦን ወረቀት የሚጎትት ዶት ማትሪክስ አለ፣ ለደረሰኝ። ደረሰኙ ቁጥር ታትሞበት የሚመጣ ስለሆነ ቢበላሽም አይጣልም። «ተሰርዟል» ተብሎ ከነኮፒዎቹ ለኦዲተር ይቀመጣል።

አንድ ጠዋት ገንዘብ ያዥዋ ደወሉልኝ።

«ኧረ ልጄ ድረስልኝ! የሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ደረሰኜ ላይ ወጣ!»

እውነትም የበቆሎ ዋጋ ማስተካከያው ደብዳቤ ከነካርቦኑ ደረሰኙ ላይ ተዘርግቷል። ሴትዮዋ ከዚያ በፊትም እንዲህ ገጥሟቸው ነበር። ዝም ብለው እየሰረዙ ኖረዋል።

የደረሰኙን ፕሮግራም የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ነው። ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩለት።

«ብሮ፣ ዊንዶውስ ነው» አለኝ። «ከ10 ወዲህ መጨረሻ የታተመበትን ፕሪንተር ራሱ ዲፎልት ያደርገዋል።»

ዲፎልት ማለት ሌላ ካልተመረጠ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያትምበት ፕሪንተር ነው። ይህስ እውነት ነው። ግን ምርጫውን ገና ዊንዶውሱን ስጭን አጥፍቼዋለሁ።

«አፕዴት ሲያደርግ ተመልሶ በርቶ ይሆናላ።»

«ኢንተርኔት የለውም።»

ትንሽ ቆየና «እንግዲህ ተጠቃሚዎቹ የሆነ ነገር ነካክተው ይሆናል» አለ።

«እኔ ምኑን ነክቼ!» አሉ ሴትዮዋ ከኋላዬ። ልጁ ስልኩን ዘጋው። ኔትወርክ ነው አለኝ በኋላ።

የፕሪንተሮቹን መስኮት ከፍቼ «እስኪ አንድ ደረሰኝ ይቁረጡ» አልኳቸው። ዲፎልቱን የምታሳየው አረንጓዴ ምልክት ከሌዘሩ ዘላ ዶት ማትሪክሱ ላይ ተቀመጠች። ፕሮግራሙ «ደረሰኙ በትክክል ወጥቷል?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ካልተባለ ዲፎልቱን ወደ ሌዘሩ አይመልስም። ሴትዮዋ ደግሞ መጀመሪያ ወረቀቱን ይገነጥላሉ፣ ማኅተም ይመታሉ፣ ብሩን ይቆጥራሉ። «አዎ» የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ መሃል መብራት ከሄደ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ይሄዳል፣ መላሽ የለም። ቀጣዩ ደብዳቤ ቀጥ ብሎ ደረሰኝ ላይ ነው።

በስልኬ ቀርጬ በቴሌግራም ላክሁለት። የኮምፒውተሩን ዲፎልት ሳይነኩ ሥራውን በስሙ ለሚፈለገው ፕሪንተር መላክ እንደሚቻልም ጻፍኩለት። አዲስ ነገር አይደለም፤ የማተሚያ ትእዛዙ ራሱ የፕሪንተር ስም ይቀበላል። «የፕሪንተሩ ስም በየቢሮው ይለያያላ» አለኝ። ልክ ነው፣ ይለያያል። ስሙን ሴቲንግ ውስጥ አንዴ አስመርጠህ አስቀምጠዋ! «አስብበታለሁ» አለ።

አሰበበት። አዲሱ ቨርዥን «ዘመናዊ የፕሪንተር ምርጫ» ከሚል ማብራሪያና ከክፍያ መጠየቂያ ጋር መጣ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ «እንዲህ ያለ ቀልጣፋ ልጅ ነው የሚያስፈልገን» ብለው አመሰገኑት። እኔ ሻዬን ጠጣሁ።

ክፍያው እንዲፈጸም የቴክኒክ ማረጋገጫው ላይ መፈረም ያለብኝ ደግሞ እኔው ነበርኩ። «በትክክል ይሠራል» ብዬ ፈረምኩ። ይሠራልም።