መስከረም ሳይጠባ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከብዶኛል። የሆነ ነገር ኖሮ አይደለም። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ቀኑንም አላባራ፤ መብራቱ ሄደ መጣ፤ ቡናዬን ብቻዬን አፍልቼ ብቻዬን ጠጣሁ። ነሐሴ ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል፤ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ልጽፍ የተቀመጥኩትም ስለዚሁ ድብርት ነበር።

ነሐሴ ሲባል ግን ሐሳቤ ሥራ ቦታ ይሄዳል። በክረምት ሰው ሰራሽ እግር የምንሠራበት ማዕከላችን ጭር ይላል። የገጠሩ መንገድ ይበላሻል፣ ወንዝ ይሞላል፣ እርሻውም ፋታ አይሰጥም። ሰው ሰራሽ እግራቸው የተሰነጠቀባቸው ሰዎች በገመድ ጠፍረውት ይከርማሉ። መስከረም ሲጠባና ጭቃው ሲደርቅ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣሉ። አምና አንድ አባት እግራቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው፣ በክራንች እያነከሱ ደረሱ። «ልጄ፣ አደራሽን፣ ለአጨዳው ልድረስበት» አሉኝ። ደረሱበት። ያኔ ግን የሙያ ባልደረባዬ ሰ. ከጎኔ ነበር። አንጋፋው ባለሙያችን ጋሽ መ.ም ነበሩ። አሁን ሰ. ውጭ አገር ነው፤ ጋሽ መ. ጡረታ ወጥተዋል። በሁለቱም ቦታ የተተካ ሰው የለም።

ሰው ስለ ሥራችን ሲያስብ ቶሎ የሚታየው ዕቃው ነው። ለጋሽ ሲመጣም የሚጠይቀን ስንት እግር እንደሚያስፈልገን ነው። እግር እኮ እንደ ጫማ በቁጥር ተመርጦ አይወሰድም። መጀመሪያ ከተቆረጠው የተረፈውን እግር በእጄ ዳስሼ አውቀዋለሁ፤ የቱ ጋ አጥንት እንደወጣ፣ የቱ ጋ ቆዳው እንደሳሳ። ከዚያ በጄሶ ፋሻ እጠቀልለዋለሁ። እርጥብ እያለ በሁለት አውራ ጣቶቼ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን ጅማት ጫን እላለሁ፤ ክብደት መሸከም የሚችል ቦታ ነውና። ሲደርቅ አውልቄ ውስጡን በጄሶ እሞላና የሚወጣውን ቅርጽ በሞረድ እሞርደዋለሁ፤ ጫና ከሚችለው ቦታ ጄሶ እቀንሳለሁ፣ ለሚያመው ቦታ እጨምራለሁ። የፕላስቲኩ ተራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፖሊፕሮፒሊኑ ኦቨን ውስጥ ገብቶ ሲግል ነጭነቱ ይጠፋና እንደ መስታወት ጥርት ይላል። ያኔ ፈጥኖ አውጥቶ ቅርጹ ላይ መጣልና አየሩን በቫክዩም መሳብ ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ከሳትኩ ሰውየው ይቆስላል። የቆሰለ ሰው ደግሞ እግሩን አልጋ ሥር ጥሎ ወደ ክራንቹ ይመለሳል።

ይህን የሚያውቅ እጅ በዓመታት ነው የሚሠራው። ጋሽ መ. ቀና ብለው ሳያዩ፣ ሰውየው ሲራመድ ድምፁን ብቻ ሰምተው «ተረከዙ ረዝሟል» ይሉ ነበር። ያንን ጆሮ በኮንቴይነር የሚልክልን ማን ነው?

አገሪቱ ጀማሪ አይደለችም። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1983 ለአካል ጉዳተኞች ያቋቋመው ልዩ ፈንድ የአፍሪካ ማሰልጠኛው አዲስ አበባ ነበር። ከሌላ አገር መጥተው እዚህ የሠለጠኑ ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መስፈርት ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ከ5 እስከ 10 የዚህ ሙያ ባለሙያ ያስፈልጋል። እኛ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን። በትንሹ ቢታሰብ ከ500 በላይ ባለሙያ መሆኑ ነው። እኔ ግን የሙያ ባልደረቦቼን ስም በአብዛኛው በቃሌ አውቃለሁ። ሙያው ሰፍቶ ቢሆን ይህን እንዴት እችል ነበር?

እኛ ጋ መዋቅሩ ላይ የሥራ መደቡ ጥቂት ነው፣ እድገቱም ቶሎ ያልቃል። ሰ. ስለ ደመወዙ አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም። ያስመረረው፣ ያን ሁሉ ዓመት ሠርቶ ወደ ላይ የሚያስኬድ ደረጃ አለመኖሩ ነው። አልፈርድበትም። ልጆች አሉት።

እንቅልፍ የሚነሱኝ ወደ ማዕከላችን የሚመጡት ልጆች ናቸው። አንዱ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ይሰበራል፤ ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ያስርለታል፤ ደም መዘዋወሩ ይቆማል፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ የሚቀረው መቁረጥ ብቻ ይሆናል። ወጌሻውን ክፉ አልለውም፤ በአካባቢው ያለው እሱ ብቻ ነው። ልጅ ደግሞ ያድጋል፣ የሠራሁለት እግር ግን አያድግም። በ8 ዓመቱ እግሩን ያጣ ልጅ 18 እስኪሞላው ቢያንስ በየዓመቱ መለካት አለበት። በቆልማማ እግር የሚወለዱትም እንዲሁ ናቸው። በጄሶ ከተቃና በኋላ ማሰሪያ ጫማውን ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ አራት ዓመት እስኪሞላቸው ማታ ማታ ማድረግ አለባቸው። ጫማው ሲጠባቸው የሚቀይርላቸው ካልተገኘ እግሩ ወደነበረበት ይመለሳል። የእናትየውን ድካም ሁሉ ይዞ ይመለሳል። እናም አንድ ባለሙያ ሲለቅ የሚጎድለው የዚያ ዓመት ሥራ ብቻ አይደለም። የጀመራቸው ልጆች ሁሉ አብረው ይቋረጣሉ። ሪፖርት ላይ ግን ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለም፤ የምንጽፈው «የተሰጠ እግር ብዛት» ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል።

የእህቴ ልጅ ፈተናውን አልፋለች። ባለፈው ልትጠይቀኝ መጥታ ወርክሾፑን ዞራ አየች። አንዲት ሕፃን በብረት መደገፊያዎቹ መካከል ስትራመድ ቆማ እስከ መጨረሻው ተመለከተቻት። ማታ «አክስቴ፣ እኔም እንዳንቺ ይህን ልማር?» አለችኝ። ልቤ ዘለለ። እጇ ደግሞ ደህና እጅ ነው፤ ጥልፍ ስትሠራ አይቻታለሁ። ከዚያ ሰ. ትዝ አለኝ፤ መደቡ፣ ደረጃው፣ ማታ ማታ የሚሰማኝ የወገብ ሕመም። «እስቲ ላስብበት» አልኳት።

እናቷ ሕክምና እንድትማርላት ነው የምትፈልገው። ልጅቷ ትናንትም ደውላ ነበር፤ ምርጫዋን የምትሞላበት ቀን ደርሷል። ግቢበት ብላት፣ ከዓመታት በኋላ ልጆች ይዛ የሰ.ን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ምን እላታለሁ? ተዪው ብላትስ፣ እኔ ጡረታ ስወጣ ያቺን ሕፃን ማን ይለካታል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?