ቱቦው የተበላው የታጠፈበት ላይ ነው

ምድጃችን 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው የሚሠራው። የሙቀት መለኪያው የሚቀመጥበት ቱቦ ተራ የካርቦን ብረት ስለነበር ቶሎ ቶሎ ያልቅብናል። እንዲህ ያለ ብረት ከ570 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የሚያወጣው ጥቁር ቅርፊት መከላከያ አይሆነውም። ቅርፊቱ ውስጥ የብረት አቶም የጎደለበት ክፍት ቦታ ብዙ ነው። ብረቱ በዚያ እየሾለከ ወጥቶ ከኦክሲጅን ጋር ይገናኛል። ቅርፊቱ ይወፍራል፣ ይረግፋል፣ እንደገና ይወፍራል።

ስለዚህ የቱቦው ገጽ አሉሚኒየም እንዲጠጣ አደረግን። ነገሩ ቀለም መቀባት አይደለም። ቱቦዎቹ በአሉሚኒየም፣ በአሉሚና (አሉሚኒየም ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሃድ የሚገኘው ነገር) እና በጥቂት አሞኒየም ክሎራይድ ዱቄት ውስጥ ይቀበራሉ። ሣጥኑ ተከድኖ 900 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት ይቆያል። አሉሚኒየሙ በጋዝ መልክ ደርሶ ብረቱ ውስጥ ይሰርጋል። ግራጫ ሆነው ሲወጡ በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

ሲገጠሙ አንዱ እምቢ አለ። መካኒካችን "ትንሽ ላጥፈው እንዴ?" ሲለኝ "ችግር የለውም" አልኩት። ያልኩት እንዲሁ አልነበረም። ገጹ ላይ የሚፈጠረውና ብረቱን ከኦክሲጅን የሚከላከለው ስስ የአሉሚና ሽፋን ቢጫር ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም መልሶ ይጠግነዋል። ይህ እውነት ነው። የረሳሁት ግን አሉሚኒየም የጠጣው ንብርብር ራሱ እንደ ሸክላ ተሰባሪ መሆኑን ነው። እሱ እስከ ብረቱ ድረስ ከተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ሥር ጠጋኝ አሉሚኒየም የለም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አወጣነው። ቀጥ ያለው ክፍል ምንም አልሆነም። በታጠፈበት ውጫዊ ጎን ግን ጥቁር መስመሮች ተደርድረዋል። ቆርጠን በማይክሮስኮፕ አየነው። ስንጥቁ ከላይ እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ብረቱ ጋ ሲደርስ ግን ቅርፊቱ በንብርብሩ ሥር ወደ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል። ሽፋኑ ከታች እየተፈነቀለ ነበር። ከውጭ ብቻ ብናየው ቀላል ጭረት ነው ብለን እናልፈው ነበር።

መካኒኩን አንተ አይደለህም፣ ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ አልኩት። ቀጣዮቹን ቱቦዎች መጀመሪያ ቀዳዳው ላይ ለክተን፣ አጥፈን፣ በይደን፣ ቅባታቸውንና ዝገታቸውን አጽድተን ነው ወደ ዱቄቱ የላክናቸው። የሥራ ካርዱ ላይ "ከዚህ በኋላ አይታጠፍም፣ አይቃናም፣ አይበየድም" የሚል መስመር ጨመርን። መስመሩን በቀይ የጻፈው መካኒኩ ነው።