የነጥብ ወረቀቱን ማንበብ እስክማር

ልጄ በኤስፖ ከተማ በሚገኝ የበረዶ አዳራሽ ስለት ያለውን ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታጠልቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የመጨረሻ ውድድሯን ጨርሳ ከበረዶው ስትወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ነበር። በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት በፊንላንድ የፊገር ስኬቲንግ፣ ማለትም በሙዚቃ ታጅቦ በበረዶ ላይ የመዝለልና የመሽከርከር ስፖርት፣ ውድድሮች ከሕፃናቱ እርከን ተነሥታ እስከ አዋቂዎቹ ድረስ ተወዳድራለች። አውሮፓ ሻምፒዮና አልደረሰችም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በማያውቁት ስፖርት ውስጥ ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች ነው፤ እኔ ዘግይቼ የተረዳሁትን እነርሱ በጊዜ ቢያውቁት እመኛለሁ።

በፊንላንድ የበረዶ ሜዳ በቅድሚያ የሆኪ ነው። የማታው ሰዓት በአብዛኛው በሆኪ ቡድኖች ስለሚያዝ የእኛ ልጆች ልምምድ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት በፊት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምር ነበር። በዲሴምበር ወር ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ ልጄ ልምምዷን ጨርሳ ክፍል የምትገባው ገና በጨለማ ነበር። ክበቦቹ የሚንቀሳቀሱት በወላጆች ነፃ ጉልበት ነው፤ ፊንላንዶች ታልኮት የሚሉት ይህ ልማድ ከእኛ ደቦ ጋር አንድ ነው። ውድድር ባለ ቁጥር አንዱ ወላጅ ሙዚቃ ያጫውታል፣ ሌላው በር ላይ ይቆማል፣ እኔ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ለክበቡ ገቢ እሸጥ ነበር። ቋንቋውን ከየትኛውም ኮርስ ይልቅ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተማርኩት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስፖርቱ ከልጄ ልብ የገባው እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ሻምፒዮና በሄልሲንኪ በተካሄደ ጊዜ ነው። በዚህ ስፖርት እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አጭርና ረጅም የሚባሉ ሁለት ፕሮግራሞችን ያቀርባል፤ ጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩ በአጭሩ ፕሮግራም አምስተኛ ከወጣ በኋላ በረጅሙ ፕሮግራም 223.20 ነጥብ አምጥቶ አሸነፈ፤ ነጥቡም በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረችው ልጄ በባቡር ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ቤት ስንደርስ ግን ሳሎን ውስጥ ካልሲዋን ብቻ አድርጋ እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ መሽከርከር ጀመረች።

እኔም ከዚያ በኋላ ነው የነጥብ ወረቀት፣ ማለትም የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ነጥብ ተዘርዝሮ የሚወጣበትን ወረቀት፣ ማንበብ የጀመርኩት። እስከዚያ ድረስ የማውቀው መውደቅና አለመውደቅን ብቻ ነበር፤ ካልወደቀች አጨበጭባለሁ፣ ከወደቀች ዓይኔን እጨፍናለሁ። ወረቀቱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። እያንዳንዱ ዝላይ መነሻ ዋጋ አለው፤ ባለ ሁለት ዙር አክሰል 3.30፣ ባለ ሦስት ዙር ሳልኮቭ 4.30፣ ባለ ሦስት ዙር ሉትዝ 5.90 ያወጣል። ዳኞቹ በዚያ ላይ እንደ አፈጻጸሙ ጥራት ከአምስት ሲቀነስ እስከ አምስት ሲደመር ይሰጣሉ። ዝላዩ ከሩብ ዙር በላይ ከጎደለ ግን ወደ ግራ የሚያመለክት ትንሽ ምልክት ከስሙ አጠገብ ትሰፍራለች፤ ያን ጊዜ መነሻ ዋጋው ወደ ሰማንያ ከመቶ ይወርዳልና 4.30 የነበረው ሳልኮቭ 3.44 ይሆናል። ጉድለቱ ግማሽ ዙርና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ባለ ሁለት ዙር ተቆጥሮ 1.30 ብቻ ይቀረዋል። ልጄ ቆማ ያረፈችበትና እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ያጨበጨብኩበት ዝላይ ወረቀቱ ላይ ያቺን ምልክት ይዞ ይወጣ ነበር፤ እርሷ እያለቀሰች እኔ «እንዴት ጎበዝ ነበርሽ» ስላት ለምን የበለጠ እንደምትቆጣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ከውድድር በኋላ ቀድሜ መናገር አቆምኩ። ወረቀቱን አብረን እናያለን፤ መጀመሪያ የምትናገረው እርሷ ናት።

ወረቀቱን ማንበብ መቻሌ ግን ሌላ ስሕተት ወለደ፤ ማስላት ጀመርኩ። በወቅቱ በዓለም መድረክ የሚያሸንፉት የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ሩሲያውያን ልጃገረዶች ነበሩ፤ እኔም በልቤ የልጄን ዕድሜ ከእነርሱ ጋር እያነጻጸርኩ ጊዜ እያለፈባት እንደሆነ አመንኩ። በዚያው ሰሞን፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር አደገች። በአየር ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች በሆነበት ስፖርት የአካል መርዘምና መሙላት ዙሩን ያዘገያል፤ ትናንት የነበራት ባለ ሦስት ዙር ዝላይ ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠፋ።

እዚህ ላይ የቤታችንንም ነገር መደበቅ አልፈልግም። በእኛ ዘንድ «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት ነው፤ ጤናሽ ተመለሰ፣ ኑሮ ተስማማሽ ማለት ነው። በፋሲካ ዕለት የተሰበሰቡት ዘመዶቻችንና ጓደኞቻችን ሁሉ በፍቅር እያቀፏት ይህንኑ ደጋገሙላት። እርሷ ግን ቃሉን የሰማችው በበረዶ ሜዳ ጆሮ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዐቢይ ጾምን ከእኔ አጥብቃ ጾመች፤ ጾሙ ከተፈታም በኋላ ሥጋና ወተት ሳትነካ ቀረች፤ እኔም መንፈሳዊነት ነው ብዬ ደስ ተሰኘሁ፣ ለእናቴም ስልክ ደውዬ ነገርኳት። አንዲት እናት ልጇ ለምን እንደምትጾም መጠየቅ እንዳለባት ማን ነግሮኝ ነበር? በዚያ ላይ ወገቧን እንደሚያማት ስትነግረኝ የማጣሪያ ውድድር ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ስለነበር «ትንሽ ነው፣ ቻይው የኔ ልጅ» አልኳት። ቻለችው፤ ተወዳደረችም። ከዚያ በኋላ በተነሣችው ምስል ላይ አንዱ የጀርባ አጥንቷ በተደጋጋሚ ጫና ተሰንጥቆ ተገኘ።

ሐኪሟ ከወገቧ በፊት የጠየቀቻት ስለ ምግቧና ስለ ወር አበባዋ ነበር። አካል የሚያወጣውን ያህል ኃይል ካላገኘ የወር አበባ እንደሚቋረጥ፣ ያም ሲሆን አጥንት እንደሚሳሳ፣ እንዲህ ያለ ስንጥቅም የዚያ ተከታይ ሊሆን እንደሚችል በጽሞና አስረዳችን። ልጄ በፊንላንድኛ መለሰችላት፤ የወር አበባዋ ከሰባት ወር በላይ መቅረቱን እኔ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሜ ይቅርታ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ አንቺ አታውቂም ነበር» አለችኝ፤ ይህ እውነት ቢሆንም አላጽናናኝም፤ ምክንያቱም ባለማወቄ ውስጥ ለማወቅ አለመፈለግም ነበረበት።

አምስት ወር ያህል ከዝላይ ራቀች። በእነዚያ ወራት እኔ የተማርኩት የፊንላንድን ሴት ተወዳዳሪዎች ታሪክ ነው፤ ቀድሜ ብማረው ኖሮ ያ ሁሉ ስሌት ባልመጣ ነበር። የኤስፖዋ ተወላጅ ላውራ ሌፒስቶ እ.ኤ.አ. በ2009 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሄልሲንኪ የአውሮፓ ሻምፒዮን ስትሆን ሃያ ዓመቷ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በቱሪን የዓለም ነሐስ ወሰደች። ሱዛና ፖይኪዮ በ2005 የአውሮፓን ብር ስታገኝ ሃያ ሁለት፣ ኪራ ኮርፒ ደግሞ በ2012 ስታገኝ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ኮርፒ በ2013 የተረከዟ ጅማት ተጎድቶ የሶቺ ኦሊምፒክ አምልጧታል፤ ውድድር ካቆመች በኋላም ስለ ስፖርተኞች የአእምሮ ጤና በአደባባይ ስትናገር ቆይታለች። ልጄ ከእኔ በፊት አንብባት ኖሯል። በ2022 ጁን ወር የዓለም አቀፉ የበረዶ ሸርተቴ ኅብረት ጉባኤ የአዋቂዎችን ውድድር ዝቅተኛ ዕድሜ ከአሥራ አምስት ደረጃ በደረጃ ወደ አሥራ ሰባት ለማሳደግ ሲወስን ቤታችን ውስጥ እንደ በዓል ነበር፤ ደንቡ እርሷን በቀጥታ የሚነካት ሆኖ ሳይሆን ልጆች እንዲያድጉ ጊዜ መስጠት ተገቢ መሆኑን በጽሑፍ ስላየነው ነው።

ስትመለስ ሁሉም ነገር ከታች ተጀመረ። አሰልጣኟ፣ ልጄና እኔ ተስማምተን ሦስት ነገር ወሰንን፦ ስለ ክብደት ማንም በቤትም በሜዳም እንዳያነሣ፣ ሕመም ከሁለት ቀን ካለፈ ሐኪም ሳያይ በረዶ እንዳይረገጥ፣ ውድድር መግባት አለመግባቱንም እርሷ ራሷ እንድትወስን። ዘመዶቼን አንድ በአንድ ደውዬ «ወፈርሽ» እንዳይሏት ለመንኩ፤ አንዳንዶቹ ተቀየሙኝ፣ ይሁን። ቁርሷ ገንፎም ይሁን ፍርፍር፣ ጠግባ ትወጣ ዘንድ እኔም አብሬያት እበላ ነበር። ባለ ሁለት ዙሩ አክሰል ለመመለስ አንድ ዓመት ፈጀ፤ ሉትዝ ሦስት ዙር ሆኖ አልተመለሰም፣ ሳልኮቭ ግን በአሥራ ስምንት ዓመቷ ተመለሰ።

የመጨረሻ ውድድሯ በ2025 ነበር፤ መጨረሻው እንዲሆን የወሰነችው ራሷ ስትሆን ለእኔ የነገረችኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። በረጅሙ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ወድቃ አንድ ነጥብ ተቀነሰባት፤ ውጤቷም ከመካከለኛ የሚያልፍ አልነበረም። ከጨረሰች በኋላ እንደ ልማዳችን የአዳራሹ ካፌ ውስጥ ተቀምጠን ወረቀቱን በስልኳ ከፈትነው፤ እኔም ዝም ብዬ ጠበቅሁ። በሦስተኛው መስመር ላይ ባለ ሦስት ዙር ሳልኮቭ ተጽፏል፤ አጠገቡ ምንም ምልክት የለም፤ መነሻ ዋጋው 4.30 ነው። ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ «ሙሉ ነው» አለችኝ።