የኔብራስካን መጻሕፍት እንዴት እንዳነበብኩና የት ላይ እንደተሳሳትኩ

ኦማሃ ከተማ ስድስት ዓመት ኖሬ፣ ስለ ኔብራስካ የማውቀው የአውራ ጎዳናዎቹን ቁጥርና የጥርን ብርድ ብቻ መሆኑ አሳፈረኝ። ስለዚህ ታሪካቸው በዚህ የአሜሪካ ግዛት የሚፈጸም መጻሕፍትን ተራ በተራ ለማንበብ ወሰንኩ። መታወቂያዬንና የመብራት ሒሳብ ደረሰኝ ይዤ ሄጄ የቤተ መጻሕፍት ካርድ አወጣሁ፤ አሥር ደቂቃም አልፈጀብኝም።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ዊላ ካዘር እ.ኤ.አ. በ1918 ያሳተመችው «ማይ አንቶኒያ» ነበር። ካዘር በ1883፣ ገና በዘጠኝ ዓመቷ፣ ከቤተሰቧ ጋር ከቨርጂኒያ ወደ ኔብራስካ የመጣች ስትሆን፣ ያደገችባትን ሬድ ክላውድ የተባለች ትንሽ ከተማ በልብ ወለዱ ውስጥ ብላክ ሆክ ብላታለች። መጽሐፉ ከቦሔሚያ መጥተው መሬት ተቆፍሮ በተሠራ መጠለያ ውስጥ የመጀመሪያውን ብርድ ስለሚገፉት የሺመርዳ ቤተሰቦች ይተርካል፤ ስደተኛ አንባቢ እንዴት አይጓጓ?

ጥፋቱ የተጀመረው ምርጫዬን ለእንግሊዝኛ መምህራችን በነገርኳቸው ቀን ነው። ሙሉው መጽሐፍ እንደሚከብደኝ ገልጸው በቀላል እንግሊዝኛ ያጠረ ቅጂ ሰጡኝ። «ታሪኩ ያው ነው፤ የተቀነሰው የመልክዓ ምድር ገለጻ ብቻ ነው» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። በሁለት ሌሊት ጨርሼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ በሰፈራችን ወደሚካሄድ የመጻሕፍት ውይይት ሄድኩ።

በያዝኩት ቅጂ የአንቶኒያ አባት አሟሟት በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል፤ ሰውየው በዚያ ብርድ ወቅት ሞቱ ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። በውይይቱ መካከል በእርሻ ያረጁ አንዲት ሴት ወደ እኔ ዞረው «በእናንተ አገር እንዲህ የሞተ ሰው የት ይቀበራል?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ሳላቅማማ፣ በብርድ የሞተ ሰው በእኛ ዘንድ እንደማንኛውም ክርስቲያን በቤተ ክርስቲያን ግቢ እንደሚቀበር አስረዳሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «ራሳቸውን እኮ ነው ያጠፉት» አለኝ። ሴትዮዋ በትሕትና ፈገግ ብለው ጥያቄውን ለሌላ ሰው አሳለፉት፤ ያ ፈገግታ ከስድብ በላይ ነው የከበደኝ።

የዚያን ዕለት ሌሊት፣ የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ስላለፈበት በነፃ የሚገኘውን ሙሉ ቅጂ ስልኬ ላይ አውርጄ ፈለግሁ። ከመጀመሪያው ክፍል አሥራ አራተኛ ምዕራፍ ጀምሮ ሁሉም ነገር እዚያ አለ። በአገራቸው ቫዮሊን ይጫወቱ የነበሩት፣ አሜሪካ ከገቡ በኋላ ግን ያልነኩት የአንቶኒያ አባት ሺመርዳ በከብቶች በረት ውስጥ ራሳቸውን ይተኩሳሉ፤ አስከሬኑ እዚያው አራት ቀን ይቆያል። በአካባቢው የሰፈሩት ኖርዌጂያኖች በመቃብር ቦታቸው አናስቀብርም ስላሉ፣ የበረደውን መሬት ቆፍረው ወደፊት መንገድ በሚያቋርጥበት የማሳ ጥግ ይቀብሯቸዋል። የተራኪው አያት በመቃብሩ ላይ ሲጸልዩ፣ ከሩቅ አገር ለመጣው እንግዳ ቸልተኛ የሆነ ሰው በመካከላቸው ካለ እግዚአብሔር ይቅር እንዲለው ይለምናሉ። ከዓመታት በኋላ መንገዶቹ መቃብሩን ሳይረግጡ ጠምዘዝ ብለው አልፈዋል።

እኔ የተወለድኩት ጎጃም ነው። ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግለትና ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ እንደሚቀበር እየሰማሁ አድጌአለሁ፤ እናቴ እንዲህ ያለ አንድ መቃብር አጠገብ ስታልፍ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ለዚያ ጥያቄ ከእኔ የተሻለ መልስ ሊሰጥ የሚችል ሰው የነበረ አይመስለኝም፤ ያንኑ ገጽ ነው የቆረጡብኝ። መምህሬን በማግስቱ ስጠይቃቸው፣ ተማሪዎችን በከባድ ሐዘን ማስጨነቅ እንደማያስፈልግ ነገሩኝ። ባሕር አቋርጦ የመጣን ጎልማሳ፣ በርካቶቻችንም ቀብር ሳንደርስላቸው ዘመዶቻችን የሞቱብንን፣ ከልብ ወለድ ሐዘን ሊጠብቁን ነው! በራሴም እናደዳለሁ፤ የቅጂውን ቅጥነት እያየሁ ምን እንደጎደለው አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ምክሬ ከመምህራኑ ምክር ይለያል፤ ያጠረ ቅጂ አትንኩ። መዝገበ ቃላቱንም ለሁለተኛው ንባብ አቆዩት፣ ምክንያቱም እኔ የየሣሩን ስም ስፈትሽ ሦስት ሳምንት አባክኛለሁ። ከካዘር ቀጥሎ የማሪ ሳንዶዝን «ኦልድ ጁልስ» አንብቡ። በ1935 የታተመው ይህ መጽሐፍ በአሸዋማዎቹ ኮረብታዎች ስለሰፈሩት ስዊዘርላንዳዊ አባቷ የጻፈችው እውነተኛ ታሪክ ሲሆን፣ የሰውየውን ጭካኔም ሆነ ጽናት አይሸሽግም። እኔ ከካዘር አስበልጬዋለሁ። ከተሰጠኝ የንባብ ዝርዝር ላይ ያልነበረውን የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩን የማልኮም ኤክስን ግለ ታሪክም ጨምሩበት፤ በ1925 ኦማሃ የተወለደው ይህ ሰው መጽሐፉን የሚከፍተው፣ እናቱ እሱን አርግዛ ሳለች ጭምብል ያጠለቁ፣ የነጮችን የበላይነት የሚያራምደው የኩ ክላክስ ክላን ቡድን ፈረሰኞች ቤታቸውን በከበቡበት ሌሊት ነው።

በሚቀጥለው ወር ውይይት፣ ስለ ጎጃሙ መቃብር የምናገረውን አዘጋጅቼ ሄድኩ። አሮጊቷ ግን አልመጡም፤ ከዚያ በኋላም አላየኋቸውም።