ሚዶ ሳልይዝ ሳሙና አነሳሁ

ቡቺ ከፑድል የተዳቀለ፣ ጸጉሩ ረጅም፣ ነጭ ውሻ ነው። የሸጠልኝ ሰው «በየሳምንቱ እጠበው፤ ሌላ ጣጣ የለውም» አለኝ፤ እኔም አመንሁ። እኛ ቤት ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ መቼ ተበጥሮ ያውቃል?

ሐምሌ ላይ ከጆሮው ጀርባና ከብብቱ ሥር ጸጉሩ ተቋጥሮ አገኘሁት። የክረምቱ ጭቃ ነው ብዬ በሞቀ ውሃና በሳሙና አሸሁት። የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውሃ ያጠበ ሰው መጨረሻውን ያውቀዋል። በጣቴ ይፈታ የነበረው ቋጠሮ በማግስቱ ጠጥሮ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ጠበቀኝ።

ከዚያ መቀስ አነሳሁ። ለዚህ ራሴን እስካሁን ይቅር አላልሁም። ልጄ ጭንቅላቱን ያዘችልኝ፤ እኔ ቋጠሮውን በግራ እጄ ስቤ የመቀሱን አፍ ከሥሩ አስገባሁና ቆረጥሁ። ድምፁ የጸጉር ድምፅ አልነበረም። ቡቺ አንዴ ጮኸና አልጋ ሥር ገባ፤ የሄደበት ወለል ላይ የደም ጠብታ ተከተለው። ለካ ቋጠሮውን ስስበው ቆዳውም እንደ ድንኳን አብሮ ተነስቶ ኖሯል! የውሻ ቆዳ ስስ ነው፤ በተቋጠረ ጸጉር መሃል ቆዳው የት እንደሚጀምር ዓይን አይለይም።

ክሊኒክ ወስጄው ቁስሉ አራት ቦታ ተሰፋ። ባለሙያው የቀረውን ቋጠሮ በማሽን ሲላጨው ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቶና ረጥቦ ታየ። ሂሳቡን ከተቀበለኝ በኋላ የሰጠኝ ምክር ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ማጠቡን አዘውትር»! ስለ ሚዶ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እኔ ግን እላለሁ፦ ያልተበጠረ ውሻ ውሃ አይንካው። ሚዶው የብረት ይሁን፤ ጸጉሩን እየከፈላችሁ ከቆዳው ጀምሩ። እኔ ለወራት ላይ ላዩን በብሩሽ እየዳበስሁ «እንዴት ያምራል!» እል ነበር፤ ሥሩ ግን ተቋጥሮ ነበር። የአንገት ማሰሪያው ሥር፣ ብብት፣ ጆሮ ጀርባ በየቀኑ ይታይ። ሚዶ እምቢ ያለውን ቋጠሮ በመጎተት አታሰቃዩት፤ በማሽን ይላጭ። ጀርመን ሸፐርድን የመሰለ ድርብ ጸጉር (ከላይኛው ጸጉር ሥር ሌላ ለስላሳ ጸጉር) ያለውን ውሻ ግን ሐኪም ካላዘዘ በቀር አትላጩ።

ቡቺ ተላጭቶ ሲመጣ ልጄ «በግ መሰለ» ብላ ሳቀች። ጸጉሩ በወራት ተመልሶ በቀለ፤ ጆሮው ጀርባ ያለው ጠባሳ ግን እንደተመለጠ ነው።